የጭጋግ አበባ ጠላፊ

በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ጥልፍ ቤቱ በሙሉ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ይህን ስም ያወጡላት ቀጭንና ቀጥ ያለች ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ሥራ የምታጓትት ልጅ ያየች እንደሆነ «አንቺ፣ ጨርቁን እየጠለፍሽው ነው ወይስ እያሳደግሽው?» ትላታለች። ሌሎቹ ሲንከተከቱ እሷ አትስቅም። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርድና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ጥልፍ ቤቱ ከክልሉ መስተዳድር ግቢ ጀርባ የሚገኝ ረጅም ክፍል ነው። አንዱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስኮት ነው፤ ጥልፍ ያለ ብርሃን አይሆንማ። በሌላው ግድግዳ ላይ የክር ጥቅሎች እንደየቀለማቸው ተደርድረዋል። ጥቂት ነጭ አለ፣ ጥቂት አረንጓዴ አለ፣ ወርቃማም አለ፤ የቀረው መደርደሪያ በሙሉ ሐምራዊ ነው። እንግዳ ሰው ገብቶ «ይኼ ሁሉ ሐምራዊ ለምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። እዚህ ቤት የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አበባ።

እሱም አንድ ዓይነት አበባ ነው። የጭጋግ አበባ ይባላል፤ የክልሉ አርማ ነው። ስድስት ሐምራዊ ቅጠሎቹን ከፍቶ ፊቱን ለሰው ይሰጣል፤ መካከሉ ላይ ወርቅ አለው። በመስተዳድሩ ሰንደቅ ላይ እሱ አለ። በፖሊሶች ቆብ፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረት፣ በዳኞች ካባ፣ በተማሪዎች ኮት ኪስ ላይ እሱ አለ። እትዬ መርፌ ከተማ ውስጥ ስትሄድ ከሰው ፊት አስቀድማ የምታየው ደረቱን ነው። አንድ ቀን መንገድ ሊያሻግራት እጇን የያዛትን ፖሊስ «ልጄ፣ ያንተን ቆብ ማን እንደጠለፈችው አውቃለሁ፤ ሁሌ መጨረሻዋ ላይ ትቸኩላለች» ብላው ሄዳለች። ልጁ ቆቡን አውልቆ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሲያገላብጠው መኪና ሁሉ ቆሞ ጠበቀው አሉ።

አበባው እንዴት አርማ ሆነ ቢሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ክልሉ ሲመሠረት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው አርማ መምረጥ ያዙ። አንዱ አንበሳ ይሁን አለ፤ አንበሳን ጎረቤት ክልል ቀድሞ ወስዶታል። ንስርም ተይዟል። ጎራዴ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ «ማንን ልንወጋ?» ተባለና ተሳቀበት። ስብሰባው ሊበተን ሲል አንድ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ጭጋግ ብቻ ነበር። በዚያ አገር በዓመት አንድ ጊዜ ጭጋግ ይወርድና ለሳምንታት አይነሣም። መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በድምፁ ብቻ ይለያል። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ከከተማው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ ኮረብታ አናት ላይ፣ ሌላ የትም ቦታ የማይበቅል አበባ ይፈነዳል፤ ጭጋጉም ይሳሳል። «ፈነዳ!» የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ከተማ ይገባል። ፈነዳ ማለት የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው፤ የራቀ ዘመድ ይመጣል፣ ገበያ ይቆማል ማለት ነው። አዛውንቱ መስኮቱን ሲጠቁሙ ሁሉም ገባቸው፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ።

ንድፉን እንድታወጣ የተጠየቀችው የጥልፍ ቤቱ የመጀመሪያ ኃላፊ ናት። «ትልቋ እሜቴ» ይሏታል። የተወሰኑ ቀናት ጠፍታ ከረመችና ንድፉን በብራና ስፋት ወረቀት ላይ ሥላ መጣች። «ከየት አመጣሽው?» ቢሏት «ካየሁት ነዋ!» ብላ አረፈችው። ብዙ የምታወራ ሴት አልነበረችም። ለእትዬ መርፌ መርፌ አያያዝ ያስተማረቻትም እሷ ናት፤ ስትሳሳት ጥልፉን በመቀስ ጫፍ ትተረትርና ያለ አንድ ቃል ትመልስላት ነበር። ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ንድፏ ግን እንዳለ ነው።

አሁን የሚያስገርመውን ነገር ልንገራችሁ። የክልሉ ቀን የሚከበረው አበባው በሚፈነዳበት ሳምንት ነው። ለከተማው ሰው ደስታ ነው፤ ለጥልፍ ቤቱ ግን የባንዲራ ሰሞን ነው። አዲስ ሰንደቅ ይታዘዛል፣ አዲስ ቆብ ይታዘዛል፣ አምና የተሰጠው ካባ ጠበበኝ የሚል ዳኛ ይመጣል። እሑድ የለ፣ እረፍት የለ፣ ምሳም በቁም ነው። አበባው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ይረግፋል። እንግዲህ አበባውን በክር የሚሠሩት ሴቶች፣ አበባው በሕይወት ባለበት በዚያ ሳምንት አንገታቸውን ቀና ማድረግ እንኳ አይችሉም። እትዬ መርፌ በኮረዳነቷ ገብታ ጡረታዋ እስኪቃረብ ድረስ የጭጋግ አበባን በዓይኗ አይታው አታውቅም። አርማ ስለሆነ መቅጠፍ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ይዞላት የሚመጣ የለም። ፎቶውንስ ቢባል፣ ኮረብታው ላይ የሚወጣ ሰው ፎቶ የሚያነሣው ራሱን ነው፤ አበባው ከጫማው አጠገብ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ልጇም የተወለደችው በባንዲራ ሰሞን ነው። ምጡ ሲጀምራት የዳኛ ካባ ይዛ ነበር፤ «ይቺን ቅጠል ብቻ ልጨርስ» ስትል ልጅቷ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ልትወለድ ምንም አልቀራት። አባትየው በልጅነቷ ስለሞተ ያደገችው በጨርቅ ቁርጥራጭ መካከል ነው። ልደቷ በደረሰ ቁጥር «በሚቀጥለው ሳምንት እናከብረዋለን» ይባላል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ እናቷ ደክሟት ተኝታለች። ልጅቷ አድጋ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ሆነች። ቂም የላትም፤ ቀልድ ግን አላት። አበባውን «ታላቅ እህቴ» ትለዋለች። ከመንገድ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «ታላቅ እህቴ ደህና ዋለች? በላች? ጠጣች?» ትላለች። እናትየዋ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ያልቃል። ሾፌሯ በየዓመቱ ጎብኚዎችን እስከ ኮረብታው ግርጌ ታደርሳለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልወጣችም። «ምን ልሠራ እወጣለሁ? እቤት ጠግቤያት አይደል ያደግሁት?» ትላለች።

እትዬ መርፌ ይህን ሁሉ ያስቻላት ምን እንደሆነ ሲጠይቋት የምትናገረው አንድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከሚቃጠል መጋዘን ሰው አውጥቶ፣ አውጥቶ፣ በመጨረሻ ራሱ ሳይወጣ ቀረ። የሬሳ ሣጥኑ የሚለብሰውን ሰንደቅ የጠለፈችው እሷ ነበረች። ቀብሩ ላይ የሟቹ እናት አላለቀሰችም። ጣቷን የአበባው መካከል፣ ወርቁ ላይ አሳረፈች፤ ሰው ቢያባብላትም አላነሣችም። «ይሞቃል» አለች። እትዬ መርፌ በማግስቱ ሥራ ገብታ ቀኑን ሙሉ ማንንም አልወጋችም። ከዚያ ወዲህ ወርቁን ለማንም አትሰጥም፤ ሌሎቹ ቅጠሎቹን ይጠልፋሉ፣ መካከሉን የምትሞላው እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ባለው ወር፣ አንድ ወጣት የእጽዋት ባለሙያ ጥልፍ ቤቱ መጣ። ትሑት ልጅ ነው። ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠው። ጥናቱን ለመስተዳድሩ እንዳቀረበ፣ የአርማው ኮሚቴም እንደተቀበለው፣ ይህን ግን ከወረቀት ሳይሆን ከእሱ አፍ እንዲሰሙ ብሎ እንደመጣ ተናገረ። ከዚያ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አበባው እንዲህ ነው እትዬ» አለ። «ፊቱን ለሰው አይሰጥም። ያቀረቀረ ነው። ሁልጊዜ ወደ መሬት ነው የሚያየው።»

ሴቶቹ ተንጋግተው መጡ። ፎቶው ላይ ያለው ትንሽ፣ አንገቱን የደፋ ነገር ነው። አንዷ «ውይ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለች፤ የታመመ መስሏት።

እትዬ መርፌ መነጽሯን አስተካከለች። «ወርቁስ?»

ልጁ ሌላ ፎቶ አወጣ። አበባውን በጣቱ ቀና አድርጎ ከውስጥ ያነሣው ነው። መካከሉ ፈዛዛ ነጭ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ።

«ወርቅ የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «በደንብ ፈልጌያለሁ። አዝናለሁ።»

«ወርቁስ?» አለች እንደገና፣ ያልሰማች ይመስል።

ኮሚቴው አርማው እንዲታረም ወሰነ። አዲሱ ንድፍ እስኪጸድቅ ድረስ በአሮጌው ምንም እንዳይሠራ ትእዛዝ መጣ። ጥልፍ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የባንዲራ ሰሞን ያለ ሥራ ሲደርስ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ሴቶቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ተኙ፣ ፀጉራቸውን ተሠሩ፣ ዘመድ ጠየቁ። እትዬ መርፌ ግን ቤቷ ተቀምጣ እጇን አየችው። መሥራት ያለ ሐሳብ የሚመጣላት ሴት ናት፤ አሁን መርፌ ስታነሣ ሐሳብ ይመጣባታል። የዚያች እናት ጣት ይመጣባታል። ያቺ ሴት ልጇን ስትቀብር የነካችው ምንድን ነው? የሌለ ነገር ከሆነ፣ እንደዚያ ባለ ቀን የሌለ ነገር ያስነካቻት ማን ናት? ጥርጣሬው እንጀራዋን ስለነካባት አይደለም የከበዳት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ደረት ላይ ውሸት ስትሰፋ ኖራ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

ጭጋጉ በሳሳበት ማለዳ፣ ልጇ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር፣ እናትየዋ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ካንቺ ጋር። ኮረብታው ጋ።»

ልጅቷ ጫማዋን አስራ ሳትጨርስ ቀና አለች። «እማዬ፣ ጉልበትሽስ? ደረጃ መውጣት አቅቶሽ ታች ቤት አይደል የተከራየነው?»

«ጉልበቴን ይዤው እሄዳለሁ፤ ጥዬው አልሄድ።»

«ኧረ እባክሽ! ለአንድ አበባ?»

«ዋሽቼ እንደሆነ ልወቅ» አለች እናትየዋ። ቀልድ አልነበረበትም። ልጅቷ ምላሷ ላይ የመጣውን ዋጠችና የሾፌር ወንበር ጀርባ ያለውን የመጀመሪያውን መቀመጫ ሰጠቻት።

ኮረብታው ግርጌ ሲደርሱ ሾፌሯ አውቶቡሱን ለረዳቷ አደራ ብላ እናቷን ደገፈች። አወጣጡ ረጅም አይደለም፤ ለእትዬ መርፌ ግን ረጅም ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፤ የቆመችው ለማረፍ እንዳይመስልባት ስለ ሰው ልብስ ትናገራለች። «የዚያን ሰውዬ ኮት እጅጌ ያየሽ እንደሆነ... ማን ነው የሰፋለት?» ልጅቷ ታውቅባታለችና ዝም ብላ ትጠብቃለች። ጭጋጉ ከግራ ቀኝ እየተቀደደ ይነሣል። ከበላያቸው ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች አናቱ ላይ ደርሰው ይሳሳቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ።

አናቱ ላይ ወጡ። እትዬ መርፌ ትንፋሿን ሰብስባ ዙሪያዋን አየች። ዓይኗ የሚፈልገው መዳፍ የሚያክል፣ ፊቱን ቀና ያደረገ፣ ከሩቅ የሚያበራ ነገር ነው። ሣር አየች። ድንጋይ አየች። አንዲት ሙሽራ መጋረጃዋን ንፋስ ሲታገላት አየች።

«የታለ?» አለች።

«እማዬ!» አለች ልጅቷ። «ቆመሽበታል!»

እትዬ መርፌ ጉልበቷን ረስታ ዘለለች። እውነትም ከእግሯ ሥር፣ ከፊቷ፣ ከኋላዋ፣ እስከ ኮረብታው ጠርዝ ድረስ ሐምራዊ ነው። መቶ ሺህ ጊዜ የጠለፈችውን አበባ አላወቀችውም! እያንዳንዱ ቁመቱ ከክንድ በማይበልጥ ቀጭን ግንድ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ የሚፈልግ ሰው ይመስላል። ልጅቷ ሳቋ መጥቶ ነበር፤ የእናቷን ፊት አይታ መለሰችው።

እናትየዋ ቀስ ብላ ተንበረከከች። አንዱን አበባ በሌባ ጣቷ ቀና አደረገችው። ውስጡ ፈዛዛ ነጭ ነው። ሌላውን ቀና አደረገች። እሱም ያው ነው። ሦስተኛውን መንካት አልፈለገችም።

«እውነቱን ነው ልጁ» አለች። «የለውም።»

ልጅቷ መሪ መጠምዘዝ ታውቃለች፤ እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። አጠገቧ ቆመችና ትከሻዋን ነካች።

የጥልፍ ሴቶች አንድ ልማድ አላቸው። ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው ስለሚውሉ ወገባቸው ሲነድ ወለሉ ላይ ጨርቅ ዘርግተው በጀርባቸው ይዘረጋሉ፤ እጅ ወደ ጎን፣ እግር ቀጥ። እንግዳ ሰው ድንገት ከገባ ደንግጦ ይወጣል። እትዬ መርፌም ያን ሰዓት አውቶቡሱ፣ ዳገቱና ሐዘኑ ተደራርበው ወገቧን ያዟት። ነጠላ ነገር ሳታነጥፍ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳትል፣ እርጥቡ ሣር ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። ዓይኗን ጨፈነች።

ዓይኗን ስትከፍት ጭጋጉ ተገልጦ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ከፊቷ በላይ አርማው አለ። ስድስቱ ቅጠሎች ተከፍተው ቁልቁል እሷን ያያሉ። አንዳቸውም አልጎደሉም፤ እሷ በክር በምታጥፍበት ቦታ ይታጠፋሉ። መካከሉ ደግሞ፣ ያ በጣቷ ቀና ስታደርገው ነጭ የነበረው ስስ ልጣጭ፣ ፀሐይዋ ከኋላው ሆና ስትገባበት ወርቅ ሆኗል። የሚመስል አይደለም፣ ወርቅ ነው። ክሯ እንኳ እንዲያ አያበራም። ዓይኗን ወደ ቀኝ አዞረች፤ እዚያም አለ። ወደ ግራ፤ እዚያም አለ። ከራሷ በላይ ያለው ሁሉ ሐምራዊና ወርቅ ሆኖ በንፋሱ ይወዛወዛል፤ አንዱም ፊቱን ያዞረባት የለም። እትዬ መርፌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚህች ምድር ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለና፣ ያም ነገር ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ሲያልፍ እንደኖረ ስታስብ ልቧ አልቻለውም።

«ወርቁ!» አለች። «ወርቁ አለ!»

«እማዬ? ምን ሆንሽ? ራስሽን አዞረሽ?»

«ተኚ!»

«እዚህ? እርጥብ ነው እኮ፤ ዩኒፎርሜ...»

«ተኚ አልኩሽ!»

ሾፌሯ ዙሪያዋን አየችና አጠገቧ ተዘረጋች። እናትየዋ ወደ እሷ አልዞረችም፤ ትንፋሿ ሲቆም ሰማችው እንጂ።

ያኔ እትዬ መርፌ አሮጊቶቹ ጠላፊዎች ያወሩት የነበረ ነገር ትዝ አላት። ትልቋ እሜቴ ንድፉን ይዛ የተመለሰች ቀን ቀሚሷ ከፊት ንጹሕ፣ ከጀርባ በኩል ጭቃ ለብሶ ነበር። የሰው ምላስ ሥራ አገኘ፤ ከማን ጋር ነበረች እየተባለ ዓመት ሙሉ ተወራባት። እሷ አንድም ቀን አላስተባበለችም። እዚህ ነበረች! ወገቧ ነዶባት ይሁን፣ ወይ ያየችው ነገር ጥሏት፣ እዚህ ሣር ላይ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። የወሬኛ ምላስ ሁሉ ሲያማት ያየችውን በልቧ ይዛ ዝም ብላ መርፌዋን ትስብ ነበር። እትዬ መርፌ ስታስበው መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ሣሩ ወረደ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። ድምጿ የሾፌር ድምፅ አልነበረም። «ይኼን ነበር ስትሠሪ የነበረው?»

«ይኼን ነበር።»

«ልደቴ በሆነ ቁጥር?»

«በሆነ ቁጥር። እኔም አሁን ነው ያወቅሁት፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ እጇን ሰደደችና የእናቷን ጣቶች ያዘች፤ በመርፌ የደደሩትን። ደመና መጥቶ ወርቁ ጠፋ፤ ደመናው እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ተመልሶ መጣ። ያቺ ሙሽራ «ማዘር ወድቀው ነው እንዴ?» እያለች ሮጣ ደረሰች። «አልወደቅሁም። ቀሚስሽ ይታጠባል፤ ተኚ» አለቻት እትዬ መርፌ። ሙሽራዋ ሙሽራውን አየችው፤ ተኙም። ከዚያ አንድ ወታደር፣ ከዚያ ሁለት አዛውንት ተደጋግፈው፣ ከዚያ ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ደረቱ ላይ አድርጎ። ያ ሁሉ ጫጫታ የነበረው ኮረብታ ጸጥ አለ።

ስትመለስ ለባለሙያው ልጅ ነገረችው። በማግስቱ አበባው ሳይረግፍ ወጣና ፀጉሩ ላይ ሣር ይዞ ወደ ጥልፍ ቤቱ ተመለሰ። ወንበር ሰጡት። «እኔ ሁልጊዜ የማየው ተንበርክኬ ነበር» አለ በመጨረሻ። ኮሚቴውን እንደገና አነጋግራለሁ ቢላት «ተው ልጄ። አንተ ያየኸውም እሱኑ ነው» አለችው። የምሯን ነበር። አዲሱ አርማ ጸደቀ፤ ከጎን የሚታይ፣ አንገቱን የደፋ። ወጣቶቹ ጠላፊዎች ቅር ሲላቸው «ያቀረቀረ አንገት መጥለፍ ቀላል መሰላችሁ? ኑ፣ ተቀመጡ» አለችና ራሷ አስተማረቻቸው።

የሚቀጥለው የባንዲራ ሰሞን ከሁሉም የከፋ ነበር። አርማው ስለተለወጠ ሁሉም ነገር፣ ቆቡም ካባውም ሰንደቁም፣ አንድ ላይ ይቀየር ተባለ። ትእዛዙ እስከ ጣሪያ ተከመረ። «ፈነዳ!» የሚለው ወሬ ከተማ በገባ ማለዳ እትዬ መርፌ ጥልፍ ቤቱን ከውጭ ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

የጥልፍ ቤቱ ኃላፊ እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ አብደው እንደሆነ ይንገሩኝ! መስተዳድሩ ምን ይለናል?»

«አላበድኩም። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሳታየው የምትጠልፈው ልጅ የለችም።»

«በሌላ ሳምንት ይሁን!»

«በሌላ ሳምንት የለም» አለችው።

ሰውዬው ቁልፉ ያለበትን ኪስ አየ፣ ፊቷን አየ። ከግቢው ውጭ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሴቶቹ አንድ በአንድ መሳፈር ጀመሩ፤ ክራባቱን ፈትቶ እሱም ተከተላቸው።

ከቀትር በፊት ከመስተዳድሩ ቢሮ ወደ ጥልፍ ቤቱ ስልክ ተደወለ። ባዶው ክፍል ውስጥ፣ በክምሩ ጨርቅ መካከል፣ ስልኩ ጮኸ፤ አቋርጦ እንደገና ጮኸ። በዚያ ሰዓት የጥልፍ ቤቱ ሴቶች በሙሉ፣ ኃላፊውም ጭምር፣ ኮረብታው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ነበር።